ቤቱ የሚበላው ጭስ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የልጄ ባል ሐይቁ ዳር አዲስ የተሠራ የሲዳማ ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ ነው። ቀርከሃው ተወልውሎ ያብረቀርቃል፣ ከላይ አምፖል ተንጠልጥሏል፣ በሩ ላይ ሲጋራ ማጨስም ሆነ እሳት ማንደድ ክልክል መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ጎንበስ ብዬ ገባሁና ገና ቀና ስል አየሩን አሸተትኩ። ቫርኒሽ ነው የሚሸተው። ወደ ግድግዳው ሥር ጎነበስኩ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? አላማረዎትም?» አለኝ አማቼ።

«አምሯል» አልኩት። ማማሩንማ አምሯል። እኔ ግን ዓይኔ ከግድግዳው ሥር ከመሬቱ ላይ ነበር። ቢጫ ዱቄት እየፈለግሁ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ስንት ክረምት አለፈ፤ ያ ፍርሃት ግን አብሮኝ ጡረታ አልወጣም። እቤት ስንመለስ አማቼ «ይሄን ነገር ለምን አይጽፉትም?» አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ቀስ ያለ ነው። ቢሆንም ጊዜ አለኝና እነሆ።

እኔ መስቀሌ እባላለሁ። አገሬ ወላይታ ነው። አዋሳ የመጣሁት (ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት) ለቀን ሥራ ነበር። አሸዋ አወጣሁ፣ ጡብ ተሸከምኩ፣ በኋላ በአንድ መጋዘን ዘበኛ ሆንኩ። አብዮቱ ፈንድቶ መጋዘኑ ሲወረስ ዘበኛውም አብሮ ተወረሰ መሰለኝ፣ እዚያው ግቢ የባህል ጽሕፈት ቤት ሲከፈት «አንተ እዚሁ ቆይ» ተባልኩ። ደመወዙ ያው የዘበኛ ነው። ሥራው ግን ሌላ ሆነ። ከየገጠሩ የሚሰበሰበውን የጥንት ዕቃ የምጠብቅ፣ የማጸዳ፣ ፀሐይ የማስሞቅ ሆንኩ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሽ ሀሜሶ።

ጋሽ ሀሜሶ የሲዳማ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ የሚያጣምሩ። በፊት አናጢ ነበሩ፤ ከአናጢነታቸው ጋር አማርኛውንም ሲዳምኛውንም ስለሚችሉ አስተርጓሚም ሆነው ተቀጠሩ። ጴንጤ ናቸው። የእነሱ ጸሎት ቤት በዚያ ዘመን ታሽጎ ነበርና በየሰው ቤት ሲጸልዩ ተይዘው፣ ታስረው ከርመው ነበር የተፈቱት። ከተፈቱም ወዲህ በየሳምንቱ ቀበሌ እየሄዱ ይፈርማሉ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው። ለሌላው ሰው ትንሽ የሆነች ጥፋት ለእሳቸው ትንሽ አልነበረችም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ዕቃ ልንረከብ ገጠር ስንሄድ ዕቃውን ወዲያው አይነኩም። ባለቤቱ ቤት ገብተው ይቀመጣሉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ። ከዚያ በመጨረሻ ወደ ዕቃው እያዩ «ይሄ ነገር እናንተ ቤት ምን ይበላል?» ይላሉ። ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ኋላ ግን ይነግራቸዋል። የቆዳው ልብስ ቅቤ ይበላል። የጦሩ ብረት ሞራ ይበላል። የወተቱ ቅል ጭስ ይበላል። ሻፌታው፣ ያ ሰፊው የሸክላ ገበታ፣ ከዓመት ዓመት ቅቤ ካልነካው ይሰነጠቃል። እኔም በካርቶን ቁራጭ ላይ የዕቃውን ስም፣ የመጣበትን ቦታ፣ ከሥር ደግሞ «ምግብ» ብዬ የሚበላውን እጽፍና በሲባጎ አስራለሁ። አንዱ እንግዳ ይህን አይቶ «ዕቃ ክፍል ነው ወይስ ጋጣ?» ብሎ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ጋሽ ሀሜሶ አልከፋቸውም። «ጋጣስ ቢሆን ምን አለበት፣ ያልበላ ከብት አያድርም» ብለው አለፉት።

ሌላው ሥራችን የእሑዱ ፕሮግራም ነበር። ከቀበሌው ስብሰባ ቀጥሎ፣ እዚያው አዳራሽ፣ ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት አገሩ ምን ይመስል እንደነበር ሽማግሌ ይናገራል፣ ጋሽ ሀሜሶ ያስተረጉማሉ፣ ሕዝቡ ይሰማል። መልካም ነገር ነበር። ልጆች ሳይቀሩ ይመጣሉ። ለእኛ ግን ጭንቅ ነበር። ሽማግሌ አንዴ መናገር ከጀመረ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ከፊት ወንበር ደግሞ ካድሬው እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

ጋሽ ሀሜሶ ለዚህም ዘዴ ነበራቸው። ሽማግሌው ወደማይሆን ነገር ሲጠጋ እሳቸው ሆን ብለው ይስላሉ። ከሳሉ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ለአባታችን ውኃ» ይላሉ። እኔ ብርጭቆውን ይዤ እነሳለሁ፤ ሽማግሌው ይጠጣል፤ ወሬው ይቆረጣል።

አንድ እሑድ የተጋበዙት አቶ ላሚሶ ነበሩ። ከቱላ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሳቃቸው ግን ያላለቀ። ሐይቁ ዳር ጉማሬ እየወጣ ሰብል ይበላ እንደነበር ተናገሩ፤ ሕዝቡ ሳቀ። በንጉሡ ጊዜ መሬታቸውን ለባለ ማዕረግ እንደሰጡባቸው ተናገሩ፤ ካድሬው አጨበጨበ፣ አዳራሹም ተከትሎ አጨበጨበ። ከዚያ አቶ ላሚሶ ጣታቸውን አንስተው በሲዳምኛ «አሁን ደግሞ...» ሲሉ ጋሽ ሀሜሶን ሳል ያዛቸው። ውኃ አመጣሁ። ጠጡ። እንደገና «አሁን ደግሞ...» አሉ። እንደገና ሳል፣ እንደገና ውኃ። ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዤ ስቆም አቶ ላሚሶ በአማርኛ ጮክ ብለው፦

«ሀሜሶ! ልናገር ነው የጠራኸኝ ልታጠጣኝ? ሆዴ ሐይቅ ሆነ እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካድሬውም ሳቀ። በሳቁ መሀል ጋሽ ሀሜሶ ፕሮግራሙን ዘጉት። ስንወጣ ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ አየሁ። «መስቀሌ፣ ዛሬ አለፈ» አሉኝ። ያን ጊዜ ሥራ ማለት ይሄ ነበር፤ ዛሬ አለፈ ማለት።

ከዚያ የመንደር ምሥረታው መጣ። ገበሬው ተበታትኖ ከሚኖርበት ተነሥቶ በመስመር በተሠራ መንደር እንዲሰፍር ታዘዘ። የአቶ ላሚሶም ቤት ሊፈርስ ሆነ። ይህ ቤት እንዲሁ ቤት አልነበረም። ቀርከሃውን አባታቸው ከደጋው አስመጥተው ያሠሩት ነው፤ ከታች እስከ ጫፍ እንደ ቅርጫት የተጎነጎነ፣ አንድ ሚስማር ያልገባበት። ጋሽ ሀሜሶ ወደ አዲሱ ሹማችን ወደ ጓድ ግርማ ገብተው «ይፍረስ ከምንል እኛ ግቢ ይምጣ» አሉ።

ጓድ ግርማ ወጣት ነው፣ የተማረ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥፍሩን ይበላል። ከእሱ በፊት የነበረው ሹም አንድ ቀን ተጠርቶ ሄዶ አልተመለሰም፤ ግርማ የተቀመጠው በዚያ ሰው ወንበር ላይ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሩ ከፍ ይል ነበር። ነገሩን ግን ወደደው። «ለአብዮቱ በዓል የሚታይ ነገር ይሆናል» ብሎ ፈቀደ።

አቶ ላሚሶ ቤት ሄድን። ጋሽ ሀሜሶ እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ፣ ስለ ከብት ጠየቁ፣ በመጨረሻም ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው ያችኑ ጥያቄ ጠየቁ። የመለሱላቸው አቶ ላሚሶ አይደሉም፤ ባለቤታቸው ናቸው። በመጀመሪያ ልጃቸው ስም የማቴዎስ እናት ይባላሉ። አማርኛ አይናገሩም፤ ጋሽ ሀሜሶ ናቸው የነገሩኝ።

«ጭስ ነው የሚበላው» አሉ። «ካገባሁ ጀምሮ እሳቱ ጠፍቶ አያውቅም። ጭሱ ከቀረ ነቀዝ ይገባል፤ ነቀዝ ከገባ ቤት የለም።»

ሁለት ነገር ለመኑን። አንደኛው እሳቱ እንዳይጠፋ ነው። ሁለተኛው ፍቼ ሲመጣ፣ የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ፣ ቤተሰቡ እዚያው ቤት ገብቶ እንዲበላ ነው። ጋሽ ሀሜሶ እጃቸውን ዘርግተው ቃል ገቡ። ስንመለስ መንገድ ላይ «ጓድ ግርማን ሳይጠይቁ?» አልኳቸው። «እኔ ራሴ ፍቼን ትቻለሁ» አሉኝ። «ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ አልሄድም። እነሱ ግን ቤታቸውን ሰጡኝ። ምን ልበላቸው ነበር?»

ቤቱ የመጣበት ቀን በከተማው ተወርቶ አላለቀም። ግድግዳው እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ፣ ጣሪያው እንዳለ በወራጅ ላይ ተቀምጦ፣ ወንዶቹ እየዘፈኑ ተሸክመው በአስፋልቱ ገቡ። ፒያሳ ስንደርስ ባለሱቁ ሁሉ ደጅ ወጣ። አንድ ጨርቅ ነጋዴ «ሰው ከቤቱ ሲወጣ ብዙ አይተናል፣ ቤት ከሰው ሲወጣ ግን ዛሬ ገና!» ብሎ ጮኸ። ትራፊኩ ፊሽካውን ነፍቶ አስቆመንና ጣሪያውን ዞሮ አየው። «መንጃ ፈቃድ አለው?» አለ። ሸካሚዎቹ በሳቅ ሊጥሉት ነበር። እኔ ግን ከኋላ የሚመጡትን የማቴዎስን እናት ነበር የማየው። ያን ሁሉ መንገድ በሸክላ ፍም ይዘው፣ በአመድ ሸፍነው፣ አንዳንዴ እየገለጡ እፍ እያሉ ነበር የመጡት። ከድሮው ምድጃ የወጣ እሳት ነው። ቤቱ ተተክሎ ሲያልቅ በዚያ ፍም እሳት አነደዱ፣ ጭሱም በጣሪያው መሀል ሰርጎ ወጣ። ካርቶኔን ቆርጬ ጻፍኩ፤ «ቤት። ከቱላ። ምግብ፦ ጭስ።»

ደስታችን ሳምንት አልሞላም። የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግበው ግቢ ገቡ።

«ጭሱ ምንድን ነው? ሰነድ ነው እንዴ የምታቃጥሉት?»

ይህ ጥያቄ ዛሬ ላለ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ያኔ ከመንግሥት ግቢ ጭስ ወጣ ማለት አንድ ሰው ወረቀት ደበቀ ማለት ነው። ጓድ ግርማ ከቢሮው ሮጦ ወጥቶ ቤቱን አሳያቸው፣ ምድጃውን አሳያቸው፣ አመዱን ሳይቀር በእንጨት በትነው አዩ። ሄዱ። ግርማ ፊቱ አመዱን መስሎ ነበር።

«አቶ ሀሜሶ፣ ሁለተኛ እዚህ ግቢ እሳት እንዳላይ።»

«ቤቱ ይሞታል፣ ጓድ ግርማ።»

«ቤቱ ይሙት! እርስዎ በየሳምንቱ እየሄዱ የሚፈርሙ ሰው ነዎት። ነገ ጭስ ወጣ ብለው ሲመጡ ማንን ይዘው የሚሄዱ ይመስልዎታል? እኔን? እኔንም፣ እርስዎንም ነው።»

እውነቱን ነው። ጋሽ ሀሜሶ አልተከራከሩም። ፍሙን በሸክላው ሰብስበው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ባለቤታቸውም በራሳቸው ምድጃ፣ በራሳቸው እንጨት ያንን እሳት ሲያቆዩ ከረሙ። እሳቱ አልጠፋም። ቤቱ ግን ጾሙን ዋለ፣ ጾሙን አደረ።

ከዚያ በኋላ ፍተሻ ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማየው የግድግዳውን ሥር ነው። በመጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ አንድ ቀን፣ ጥሩ አድርጎ የተነፋ ሽሮ የመሰለ ቢጫ ዱቄት፣ በቀጭኑ ተሰልፎ አየሁ። ጠረግሁት። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። ጆሮዬን ቀርከሃው ላይ ለጥፌ ሳደምጥ ይሰማል፤ ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ፣ ዝም፣ ቅርጭጭ። ለጋሽ ሀሜሶ ስነግራቸው እሳቸውም ጆሯቸውን ለጠፉ። ብዙ ቆዩ። «እየበሉት ነው» አሉ።

ያላደረግነው ነገር የለም። የወባ መከላከያ ሰዎችን ለምነን በሚረጩት መድኃኒት አስረጨን፤ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጭ ቀርቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ ቅርጭጩ ተመለሰ። ጋሽ ሀሜሶ ላባ በጋዝ እየነከሩ በየቀዳዳው አስገቡ። ጋዙ ቀርከሃውን አደረቀው፣ ሽታውም ያቺን የጭስ ሽታ ገደለብን። ያ ነበር እሳቸውን የባሰ ያስከፋቸው። ጋሽ ሀሜሶ ከቤቱ መሀል ቆመው እንደ ውሻ አየሩን ያሸቱና «ሰው ሰው አይሸትም» ይላሉ።

ክረምቱ ገባ። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ የነቀዘ ቀርከሃ ደግሞ ክብደት አይችልም። አንድ ጠዋት በር ስከፍት የቤቱ ጀርባ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሌላ ቃል የለኝም። ከብት ጉልበቱን እንደሚያጥፈው፣ እንደዚያ ነው። የጣሪያው ጫፍ፣ ያ እንደ ዘውድ የተጎነጎነው ከሁሉም ያማረ ሥራ፣ ጭቃ ላይ ወድቆ ነበር። ጋሽ ሀሜሶ መጥተው አንዷን ቀርከሃ አነሡ። ከውጭ ሲያዩአት ደህና ናት። በጣታቸው ሲጫኑአት ዱቄት ሆነች። እጃቸውን አላራገፉም፤ ዱቄቱን እንደያዙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የዚያን ጉንጉን ሥራ የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልቀረም ነበር። እኛ ልናተርፈው አምጥተን እኛ ግቢ አለቀ።

በባሕር ዛፍ ደግፈን አቆምነው። ያ ጭንቅ ሳይወጣልን ሌላ ጭንቅ መጣ። ፍቼ ቀረበ። ጓድ ግርማ የፍቼው ነገር ጆሮው ደርሶ ነበርና «ቀኑ መቼ ነው?» እያለ ይጠይቃል። የፍቼ ቀን ግን በካላንደር ላይ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ኮከብና ጨረቃ አይተው ነው የሚቆርጡት።

«ሽማግሌዎቹ ሲያዩ ነው፣ ጓድ።»

«ደመና ከሆነስ?»

«ይጠብቃሉ።»

«እኔስ? እኔ ምን እያደረግሁ ነው የምጠብቀው?» አለና ወደ ጥፍሩ ተመለሰ።

ጋሽ ሀሜሶ አልቻሉም፤ በእግራቸው አዲሱ መንደር ድረስ ሄደው ለአቶ ላሚሶ እውነቱን ነገሩ። ቤቱ ታሟል፣ እሳት ተከልክሏል፣ ዘንድሮ ባትመጡስ አሉ። ሲመለሱ ፊታቸውን አይቼ መልሱን አወቅሁ።

«ምን አሉ?»

«'ቤቱ ታሟል ካልክ ልንጠይቀው ነዋ የምንመጣ። የታመመ ዘመድ ይቀራል እንዴ?' አሉኝ።»

ቀኑ ተቆረጠ ተብሎ መልእክት መጣ። አመሻሹ ላይ አቶ ላሚሶ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው የታጠበ ልብሳቸውን ለብሰው በግቢው በር ገቡ። የማቴዎስ እናት በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ፣ ያን የቆጮ ምግባቸውን፣ በሻፌታ ተሸክመዋል። ከእርጥብ ቅርንጫፍ ቅስት ሠርተው ከቤቱ በር ፊት ተከሉ፤ በፍቼ ዋዜማ ቤተሰቡ ሁሉ በሥሩ ያልፋል። ጓድ ግርማ ወደ መኖሪያው አልሄደም ነበር፤ በቢሮው መስኮት መንገዱን ያያል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንዴ እሱን አንዴ መንገዱን አያለሁ።

አቶ ላሚሶ ድጋፉን በእጃቸው ነካ ነካ አድርገው «ምርኩዝ ሰጣችሁት?» አሉ። ሊስቁ ፈልገው ነበር፣ አልወጣላቸውም። የማቴዎስ እናት ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ከቀዘቀዘው ምድጃ አጠገብ ተቀመጡ፣ አመዱን በጣታቸው ነኩት።

ያን ጊዜ ጋሽ ሀሜሶ ከግቢው በር ገቡ። ሸክላ ይዘዋል። በአመድ የተሸፈነ ፍም።

ደንግጬ «ጋሽ ሀሜሶ፣ ይተዉ፣ ይወስዱዎታል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፣ መስቀሌ» አሉ። ያልፈሩ አስመስሎ የሚጽፍ ይኖራል፤ እኔ ግን አይቻለሁ፣ ፈርተዋል። ሸክላውን ለማቴዎስ እናት አቀበሉ። ሴትዮዋ አመዱን ገለጥ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ጋሽ ሀሜሶን ቀና ብለው አዩአቸው። የራሳቸው እሳት መሆኑን ያለ ቃል ያወቁ መሰለኝ። ፍሙን ምድጃ ላይ ዘረገፉ፣ ከግድግዳው የነቀዘች ቀርከሃ መንጭቀው ጨመሩበት፣ እፍ አሉ። ነደደ። ጭሱ ቤቱን ሞላው፣ በተሰበረው ጣሪያ አድርጎ ወደ ሰማይ ወጣ።

ግርማ እየሮጠ መጣ። በቅስቱ ሥር ሳያስበው አልፎ ገባ። አፉን ሊከፍት ሲል አቶ ላሚሶ ቦታቸውን ለቀቁለት። «ና ልጄ፣ ቁጭ በል፣ ቆሞ አይበላም።» የማቴዎስ እናትም ቡርሳሜውን በእጃቸው ጠቅልለው ዘረጉለት። የተዘረጋ እጅ ምን ይደረጋል? ግርማ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ ቅቤው በጣቱ መሀል እየፈሰሰ፣ መንገዱን እያየ በላ።

ከዚያ የፈራነው መጣ። የቀበሌ ጥበቃው ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆመ። ያው ባለፈው አመዱን የበተነው ልጅ ነው።

«ጓድ፣ ዛሬም ጭስ ነው። ምንድን ነው?»

ጋሽ ሀሜሶ ሊነሡ ሲሉ ግርማ በእጁ ጉልበታቸውን ያዘ። ተነሥቶ፣ ቅባት እጁን ከኋላው ደብቆ፣

«የነቀዝ መድኃኒት እያጠንን ነው» አለ።

ጥበቃው አየሩን ሳበ። «መድኃኒቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል እንዴ?»

«አዲስ የመጣ ነው» አለ ግርማ።

ጥበቃው ወደ ውስጥ አየ፤ ሻፌታውን፣ ቤተሰቡን፣ ቅስቱን። የማቴዎስ እናት ከተቀመጡበት በሲዳምኛ አንድ ነገር ጠየቁት። ልጁ ደነገጠ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ መለሰላቸው። እሳቸውም ጠቅልለው ሰጡት፣ ቆሞ ጎረሰ። ከዚያ ወደ ግርማ ዞሮ፣ «እንግዲያው መድኃኒቱን በደንብ አጥኑት» አለና ወጣ።

«ምንድን ነው ያሉት?» አልኩ ጋሽ ሀሜሶን በሹክሹክታ።

«'የማን ልጅ ነህ?' ነው ያሉት» አሉኝ።

ሊሄዱ ሲሉ የማቴዎስ እናት ምድጃውን አይተው እንደገና ተናገሩ፤ ጋሽ ሀሜሶ ወደ አማርኛ ሳይመልሱት ቆዩ። ግርማ «ምን አሉ?» አለ። «ነገስ ማን ያበላዋል ነው የሚሉት» አሉ። የተረፍነው በአንድ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ አንድ ቀን ነው የምታሳድር። ጋሽ ሀሜሶ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «እኔ» አልኩ። ግርማ አየኝና ወጣ።

በሚቀጥለው የሥራ ቀን ሁለታችንንም አስጠራን። ጥፍሩን እየበላ፣ መስኮቱን እያየ፣

«ይሄ የነቀዝ መድኃኒት» አለ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ከታጠነ ይበቃዋል?»

ጋሽ ሀሜሶ ቶሎ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሳል ያዛቸው። ልማዴ ነውና ወደ ውኃው ዞርኩ።

«በየሳምንቱ ነው የሚደገመው፣ ጓድ» አሉ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ከሰዓት ይሁን። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት አልገባም፣ ምንም አላይም። ቀበሌውን እኔ አነጋግራለሁ። መስቀሌ!»

«አቤት ጓድ!»

«ካርቶኑ ላይ ምግብ ጭስ የሚለውን አጥፋው። መድኃኒት በለው።»

አጠፋሁት፣ «መድኃኒት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በማቴዎስ እናት እሳት ያንን ግማሽ ቤት አጠንኩት። ጀርባው አልተመለሰም፣ የወደቀውም ጫፍ ወድቆ ቀረ። ዱቄቱ ግን ቆመ። ጋሽ ሀሜሶም ዳግመኛ ሳይታሰሩ በዕድሜያቸው አረፉ፤ ጓድ ግርማ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። በየቅዳሜው ክብሪት ሳልይዝ፣ ከጋሽ ሀሜሶ ምድጃ በባለ አመዱ ሸክላ ፍም እየያዝኩ በከተማው መሀል ስሄድ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ባየሁ ቁጥር ሸክላውን ወደ ደረቴ አስጠጋ ነበር። ያ ጥበቃ ልጅ ግን ሲያገኘኝ «መድኃኒቱ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር። «ይመስገን፣ ይሠራል» እለዋለሁ። ቤቱ መንግሥት እስኪለወጥ በድጋፍ ቆመ፤ ከዚያ ግቢው ለሌላ ሥራ ተሰጠና እንጨቱን አነሡት።

ባለፈው ክረምት ሐይቁ ዳር ከአዲሱ ቤት ስንወጣ፣ በሩ ላይ የቆመችውን አስጎብኚ ልጅ «የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት። ነገረችኝ፤ ከቱላ በኩል ናት። ስለ ከብቱ ጠየቅኋት፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅኋት። አማቼ መኪናውን አስነሥቶ ይጠብቃል። የጋሽ ሀሜሶን የመጨረሻ ጥያቄ ሳልጠይቃት አልመለስም ብዬ እዚያው በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።